ጋሪው እንዲያልፍ

በካርቶን ታሽጎ መጣ የፊተኛው ቅስት፣
ቱቦላሬው ስስ፣ ብሎኖቹ ስምንት፤
አንድ ሰው ያነሣዋል፣ ያውም በአንድ ክንድ፤
ዬልትዬ ጽጌረዳዋን አሰረችበት በገመድ፤
«ያምራል አይደል?» አለችኝ ከአጥሩ ማዶ።
ያምራል፤ ግን ብረቱ ውስጡ ባዶ።

በኅዳር ባሕሩ አበደ።
ነፋሱ ከሰሜን ተነሥቶ ቴክሰልን እየላጠ ወረደ።
ጠዋት ብንወጣ፣ ቅስቱ ከበጎቹ መስክ ተጋድሟል፣
እግሩ እንደ ሸምበቆ ተቆልምሟል፤
በእኔና በእሷ መካከል የነበረው የቁጥቋጦ አጥር
አብሮት ወድቆ፣ ቀርቷል ባዶ ምድር።

አርባ ዓመት ግድብ ጠጋኝ ነበርኩ፣ የባሕር ዘበኛ፤
አሸዋን አውቀዋለሁ፤ ላይ ላዩን ሐሰተኛ፣
ክንድ ተኩል ወርደው ሲይዙት እውነተኛ።

በመጋቢት ዴን ቡርግ ሄድን፣ ከብረት ሻጩ መንደር።
ቅስቶቹ በረድፍ ቆመዋል፣ ሠርገኛ እንደሚጠብቅ በር፤
ሬምኮ ይዘረዝራል፤ ይህ ወፍ አለው፣ ይህ ቅጠል፣ ይህ ከነወንበር።
ዬልትዬ አልሰማችውም። ከመኪናው ኋላ የእጅ ጋሪ አወረደች፣
(ጋሪው የእኔ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ተውሳ መች መለሰች?)
በእያንዳንዱ ቅስት ሥር እየገፋች አለፈች።
በአንዱ ክርኗን ላጣት፣ በአንዱ እጀታው ገጨ፤
የሬምኮ ሳቅ መሃል ላይ ተቋጨ።
«እሾሁ ሲያድግ ከዚህ ስንዝር፣ ከዚያ ስንዝር ይወስዳል፤
ዛሬ ልክ የሆነ በር የዛሬ ሦስት ዓመት ሰው ይቧጭራል።»

እኔም በተራዬ ብረቱን በመፍቻ መታሁት፤
ስሱ ብዙ ጮኸ፤ ወፍራሙን ሰማሁት፣
እንደ ትልቅ ሰው አጭር መልስ ሰጠኝ።
ብየዳውን ዳሰስኩ፤ አንድም ቀዳዳ አልገጠመኝ።
ዚንክ ውስጥ የተነከረ፣ መልኩ የዝናብ ደመና፣ ግራጫ።
«ይኼኛው ጌጥ የለውም» አለ ሬምኮ።
«ጌጡን እኔ እተክላለሁ» አለችው፤ አበቃ ምርጫ።

ቅዳሜ አካፋ ይዤ ስመጣ ቦታውን በገመድ ለክታ ነበር።
አራት ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ መንጋጋ ሥር።
ከታች ጠጠር ጣልኩ፣
ውሃ ተኝቶ ብረቱን እንዳይበላው በኋላ ቀን፤
ፌሮ ተከልኩ በየጉድጓዱ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን፤
እግሮቹን አጠለቅንበት፣ ሽማግሌ ካልሲ እንደሚያጠልቅ፣ በቀስታ፤
ውሃ ልኩን ጫንኩ፤ አረፋዋ ሸሸች፣ ተመለሰች፣
መሃል ላይ ተኛች በዝምታ።
ሲሚንቶው እስኪይዝ፣ ሁለት ቀን፣ «አትንኪው» አልኳት።
ነካችው። ከመስኮቴ አየኋት።

ያኔ ነው፣ ከመስኮት፣ እግሮቹን የቆጠርኩት፤
ሁለቱ በእሷ ጓሮ፤ ሁለቱን ግን የቀበርኩት
በእኔው ድንች መደብ ነው፣ አጥሩ በወደቀበት።
አርባ ዓመት መስመር ሲጠብቅ የኖረ
ገመድ ተከትሎ የራሱን ድንበር ቆፈረ!
«ቦታውን ነፋሱ ነው፣ ሲብረን፣ የመረጠ»
አለች፤ ከከንፈሯ ግን ሳቅ አመለጠ።

ጽጌረዳው ገና ከጉልበት አላለፈም።
በአሮጌ ስቶኪንግ ታስረዋለች፣ በስምንት ቁጥር፣ ላላ አድርጋ፤
«ግንድ ይወፍራል» ትላለች፣ «መተንፈሻ ይሻል ሲዘረጋ።»

ጋሪው በየቀኑ ያልፋል፤ ጠዋት ፍግ ይዞ ወደ እኔ፤
ማታ ድንች ይዞ ወደ እሷ፤ አንዳንዴ ገፊው እኔ።
ትናንት ሌሊት ማዕበል ነበር። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤
ብረቱ ያጉረመርማል እንጂ አይነቃነቅም፤
እጄን አሳርፌበት ሰማሁ።
በወዲያ በኩል ሌላ ባትሪ በራ።
«ያዘ?» አለች። «ይዟል።» ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ነው ያወራ።
ጋሪው ከቅስቱ ሥር፣ ዝናብ ሞልቶት፣ መሃል ላይ ቆሟል፤
ወደ ማን ሲሄድ እንደመሸበት ማን ያስታውሳል?